መቀስ የሚያዝበት ሰዓት

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። 33 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚሠራ ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔ ጠዋት አይሆንልኝም። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ራሴ ከብዶኝ እንደ ሰው አላወራም። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ግን ዓይኔ ይፈጣል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሆን አልተኛም። አንድ አነቃቂ ንግግር የሚያቀርብ ሰው ‹ስኬት የሚፈልግ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል› ሲል ሰማሁና ሦስት ሳምንት እንደዚያ ሞከርኩ። ከዚያ ወዲህ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ላይ እደፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ፣ በዚያው በ8 ሰዓት፣ የአንዲት ሙሽራ የመነን ጨርቅ ስቆርጥ የፊቱን ክፍል አንድ ስንዝር አሳጠርኩት። ለልጅቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ስትደውል ልቤ ይመታል። ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቴ ‹ምሳ ታበዢያለሽ፣ ቡና ታበዢያለሽ፣ ሌላው ስንፍና ነው› ይለኛል። እውነት ሰነፍ ነኝ? ሥራውን ልተወው?»

ልብስ ሰፊዋ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ጨርቁ አሳዘነኝ። ሁለተኛ ስመለስበት ዓይኔ የያዘው «በዚያው በ8 ሰዓት» ያልሽውን ነው። ሰነፍ ነኝ ወይ ብለሽ በጠየቅሽበት ወረቀት ላይ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ሰነፍ ሰው ማሽን ላይ አይደፋም፤ መጀመሪያውኑ ማሽኑ አጠገብ አይገኝም። አንቺ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእንቅልፍሽ ጋር የታገልሽ ሴት ነሽ። ጥፋትሽ መቀስ መያዝ በማይገባሽ ሰዓት መቀስ መያዝሽ ነው። ሥራውን አትተዪም፤ ሰዓቱን እናዛውረዋለን።

ይህን ስልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ሌሊት፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ለአንድ ሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት በመርፌ ስስብ ነጥቧን ሳላያት ቀረሁ። 0.5ን ከ5 የምትለየውን ነጥብ ማለቴ ነው። አብራኝ የነበረችው ልጅ «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለችኝ፤ ሳነበው ሁለታችንም ደነገጥን። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ዛሬም ስጽፈው እጄ ይቀዘቅዛል። ያን ሌሊት ቸልተኛ አልነበርኩም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀን ይልቅ እጠነቀቅ ነበር። የሰውነታችን ሙቀት በቀንና በሌሊት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ነው፤ ያን ጊዜ ንቃታችንም አብሮ ይወርዳል። ጥንቃቄዬ እዚያ ነበር፤ የሚጠነቀቀው አንጎል ግን ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚቆጠርና የሚለካ ሥራዬን በሙሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት መጨረስ ጀመርኩ፤ በ10 ሰዓት የግድ የሚሰጥ መድኃኒት ካለም ሁለት ሆነን ጮክ ብለን እናነበው ነበር።

ይህን መውጣትና መውረድ የሚመራ ሰዓት አንጎላችን ውስጥ አለ። ከሁለቱ ዓይኖቻችን የሚነሡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ የተቀመጠ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ያሉት ትንሽ ክፍል ነው። ሰው ብርሃንና ሰዓት በማያይበት ክፍል ቢቀመጥም ይህ ሰዓት መዞሩን አያቆምም፤ ብቻ በአማካይ ከ24 ሰዓት 10 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። በየቀኑ የሚያስተካክለው የማለዳ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ትንሽ ዝንብ መርምረው ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ስላሳዩ ነው። ይህን የምነግርሽ ባለቤትሽ እንዲያነበው ብዬ ጭምር ነው። ሰዓቱ በዘር የሚወረስ ነገር አለው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ማለዳ፣ አንዳንዱ ምሽት ይቀናዋል። ሆርንና ኦስትበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ሰው የጠዋት ይሁን የማታ የሚለይበት መጠይቅ አሳትመዋል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። አብዛኛው ሰው በመካከል ነው የሚወድቀው። አንቺ ወደ ማታው ያዘነበልሽ ትመስዪኛለሽ፤ ባለቤትሽ ወደ ጠዋቱ። ከናንተ አንዳችሁም በዚህ አትመሰገኑም፣ አትወቀሱም።

ታዲያ የ11 ሰዓቱ ምክር ምን አደረገሽ? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝተሽ በ11 መነሣት 5 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ለአንድ ጎልማሳ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሰዎችን ለ14 ተከታታይ ቀን በየሌሊቱ ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይተኙ አድርጎ ፈተናቸው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ትኩረታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዶ ተገኘ። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ያን ያህል መዳከማቸውን አላወቁትም፤ ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል እንጂ ደህና ነን ይሉ ነበር። አንቺ ደግሞ ከ6 ሰዓትም ያነሰ እየተኛሽ ለሦስት ሳምንት ሠራሽ። በ8 ሰዓት መቀሱን ስታነሺ ልኩን በትክክል ያነበብሽ እንደመሰለሽ እርግጠኛ ነኝ።

ተናጋሪው ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ለእርሱ ሠርቶለት ይሆናል። ነገር ግን ሰዓቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። አሞራ ገደል ወርደሽ ዓሣ አጥማጆቹን እዪ። መረባቸውን ማታ ዘርግተው ማለዳ የሚያወጡት ዓሣው ሰዓቱን ስለሚወስንላቸው ነው። ባለቤትሽ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣው ፋብሪካው ሰዓቱን ስለሚወስንለት ነው። ያንቺን ጨርቅ ግን በስንት ሰዓት እንደቆረጥሽው ሙሽራዋ አትጠይቅሽም። ቤትሽ የምትሠሪ በመሆንሽ ገቢሽ እንደ ደመወዝተኛ ቁርጥ ያለ ላይሆን ይችላል፤ ሰዓትሽ ግን ያንቺ ነው። ያን መብት ሳትጠቀሚበት የሌላ ሰው ሰዓት ተውሰሽ ትቀጪበታለሽ።

አሁን ወደ 8 ሰዓቱ። ባለቤትሽ ጥፋቱን በእንጀራ ላይ ጥሏል። እስቲ ባለፈው ዐቢይ ጾም የጾምሽ እንደሆነ አስታውሺ። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ ስትቆዪ፣ 8 ሰዓት ላይ ዓይንሽ አልተከደነም? ሮመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶችሽንም ጠይቂያቸው። ከቀትር በኋላ ያለው መዛል ምሳ ባንበላም ይመጣል። ምክንያቱም ሁለት ነገር ይገጣጠማል። ከነቃንበት ጊዜ ጀምሮ የእንቅልፍ ጫና እየተከማቸ ይሄዳል፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ ያን ጫና ተቋቁሞ የሚያነቃን ጉልበት የሚሰጠን ወደ አመሻሹ ላይ ነው። በመካከል፣ ከ7 ተኩል እስከ 9 ተኩል ባለው ጊዜ፣ ጫናው አይሎ ድጋፉ ገና አልደረሰም። ከባድ ምሳ ይህን ጉድጓድ ያጠልቀዋል፤ የካቲትና መጋቢት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥም ያጠልቀዋል፤ የሌሊት እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከሁሉ በላይ ያጠልቀዋል። ጉድጓዱን የቆፈረው ግን እንጀራው አይደለም። ድሬዳዋ ብትሄጂ በቀትር ሱቅ ዘግቶ ጋደም የሚል ነጋዴ ታገኛለሽ፤ ማንም ሰነፍ አይለውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ባልሆንም ያሳደገችኝ እናቴ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር እየሰፋች ነው ትምህርት ቤት ያስተማረችን። ቀኑን ሙሉ ትሰፋለች፤ የምትቆርጠው ግን ረፋዱ ላይ ብቻ ነበር። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ይዞ መጥቶ «አሁኑኑ ቁረጪልኝ» ካላት «ዛሬ እጄ አይቆርጥም፣ አሳድሪው» ትላለች። ልጅ ሳለሁ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ከዚያች የመርፌ ሌሊት በኋላ ነው የገባኝ። ስፌት ይፈታል፤ መቀስ የነካው አይፈታም። እናቴ ሥራዋን የከፈለችው በከባድና በቀላል ሳይሆን ቢሳሳት በሚመለሰውና በማይመለሰው ነበር። ላንቺም ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላውቅልሽም።

በዚህ ዓይን ሥራሽን ደርድሪው። መቁረጥ የማይመለስ ነው። ልክን ደምሮ ቀንሶ ጨርቁ ላይ ማስመር የማይመለስ ባይሆንም የመቀሱ አባት ነው፤ ስህተቱ የሚወለደው እዚያ ነው። ያልሠራሽውን አዲስ ሞዴል ማውጣትም የነቃ አእምሮ ይፈልጋል። ዋጋ መናገርንም እዚሁ ላይ እጨምራለሁ፤ ሰው ደክሞት ዋጋ ሲናገር ወይ ያረክሳል ወይ ይቆጣል፣ የተነገረ ዋጋ ደግሞ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ነው። ቀጥ ያለ ስፌት፣ ጠርዝ መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ የተንጠለጠለ ክር መልቀም፣ ክርን በቀለም መለየት፣ የተጠናቀቀውን አጥፎ ማስቀመጥ በድካም ሰዓት ቢሠሩ ጉዳት የላቸውም፤ ቢበላሹም በምላጭ ተፈትተው ይደገማሉ። ኦቨርሎኩን ግን ከነዚህ ጋር አትቁጠሪው። እየሰፋ ጠርዙን የሚከረክም ስለት ስላለው እርሱም መቀስ ነው። ካውያ ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ ያነቃል፤ ቢሆንም በ8 ሰዓት ሽፎን አትተኩሺ፤ ለነጠላና ለጥጥ ብቻ ይሁን።

ያንቺን ስል ሰዓት ለማግኘት ደግሞ የኔን ግምት አትከተዪ፤ መዝግቢው። የትዕዛዝ ደብተርሽን ከጀርባው ገልብጪና በቀን አምስት ጊዜ፣ በ3፣ በ6፣ በ9፣ ከምሽቱ በ12ና በ3 ሰዓት፣ አንዲት ቃል ጻፊ፦ ስል፣ ልከኛ፣ ዱልዱም። ከዚህ በላይ አትጻፊ፤ ማብራሪያ ከጀመርሽ በሦስተኛው ቀን ትተዪዋለሽ። የጾም ቀን፣ የወር አበባሽ የመጣበት ቀንና ልጅ ታሞብሽ ያደርሽበት ቀን ላይ ትንሽ ምልክት አድርጊ። ሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ነገር ግን ዛሬ አትጀምሪ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ በደንብ ተኚ፤ የ11 ሰዓቱን አላርም አጥፊው። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚሞላው መዝገብ ቀኑን ሙሉ ዱልዱም ብቻ ነው የሚያሳይሽ፣ ያም ስለ ተፈጥሮሽ ምንም አይነግርሽም።

ከደብዳቤሽ ተነሥቼ ስገምት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ስል ትሆኛለሽ፤ ከዚያ ትወርጃለሽ፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ትነሺያለሽ። ችግሩ ያ ሁለተኛው ንቃትሽ ከእራት፣ ከልጆቹ ገላና ከቤት ሥራቸው ጋር መጋጨቱ ነው። በሩን ቆልፈሽ ሥሪ አልልሽም፤ ልጆች እናታቸውን ንቁ ሆና ማግኘት አለባቸው፣ ያ ሰዓት ለእነርሱ መዋሉ ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ አንዲት መስኮት ብቻ ጠብቂ፦ ረፋዷን። በዚያች ሁለት ሰዓት ተኩል ስልኩን ድምፁን አጥፍተሽ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ቀኑን ሙሉ ልዩ አድርጌ አደራጃለሁ ብለሽ አትነሺ። በሳምንት አራት ቀን ይህችን መስኮት ከጠበቅሽ የሳምንቱን ጨርቅ ሁሉ ቆርጠሽ ትጨርሻለሽ። የተቆረጠውን በየደንበኛው ጠቅልለሽ፣ ስሙን ጽፈሽ፣ ከሰዓት ለሚሠራው ታስቀምጪዋለሽ።

መብራት ሲጠፋም ይህ ይጠቅምሻል። መቁረጥ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የቀን ብርሃን ነው፤ የመነንና የጥበብ ቀለምም በመስኮት ብርሃን ነው የሚለየው። ረፋዱ ላይ መብራት ቢሄድ የምታጪው የለም። ከሰዓት ሲመለስ ማሽኑ ይጠብቅሻል።

ደንበኞችሽን በተመለከተ ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፉ በ2 ሰዓት በርሽን እንደሚያንኳኩ እገምታለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴቶች ለምሳ ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል ይወጣሉ፤ ዓርብ ደግሞ ለስግደት ሲባል እረፍቱ ከ5 ተኩል ጀምሮ ስለሆነ ጊዜ አላቸው፤ ማታ 11 ተኩል ላይ ይለቀቃሉ። በርሽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ፦ ልክ የሚወሰደው ከ6 ተኩል እስከ 8 ሰዓት፣ ማታም ከ11 ተኩል እስከ 12 ተኩል ነው በዪ። ሰው ሲመጣ ጨዋታ አለ፣ መቆም አለ፤ በዝለት ሰዓት የሰው ድምፅ ከቡና በላይ ያነቃል። ቁጥሩን ግን ስትጽፊ ጮክ ብለሽ ለደንበኛዋ አንብቢላት፣ እርሷም ትድገምልሽ። እኔን ያዳነኝ ይኸው ልማድ ነው። ሦስት አራት ደንበኛ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ በወሩ ይለምደዋል።

ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሰው ሲጎርፍብሽ ይህ ሁሉ እንደሚፈርስ አውቃለሁ። ይፍረስ። በእነዚያ ሳምንታት አንዲት ነገር ብቻ ያዢ፦ ከምሳ በኋላ አትቁረጪ።

8 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ተኚ። ይህን በልበ ሙሉነት ነው የምልሽ። አላርም ሞልተሽ 20 ደቂቃ ጋደም በዪ፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ከባዱ እንቅልፍ ትገቢና ስትነሺ ለግማሽ ሰዓት ያህል ራስሽን ይዞሽ ይቆያል፤ «የቀን እንቅልፍ አይስማማኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ያን ነው የሚሉት። ከ9 ሰዓት ካለፈ ግን ይቅርብሽ፣ የሌሊቱን ይወስድብሻል። ልጁ አልተኛም ብሎ ካስቸገረሽ ቢያንስ ውጪ ወጥተሽ ጥላ ሥር ትንሽ ተራመጂ።

ቡናው ላይ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይከማቻል፤ ድካም የሚሰማን እርሱ ማረፊያው ላይ ሲቀመጥ ነው። ካፌይን ቀድሞ ማረፊያውን ይይዝበታል። አዴኖሲኑ አልጠፋም፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ ደግሞ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። በ10 ሰዓት ጎረቤት ቡና ከጠጣሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ ገና ካንቺ ጋር ነው። ማታ ዓይኔ ይፈጣል ያልሽው ሁሉ ተፈጥሮሽ ነው ብዬ አላምንም፤ ከፊሉ የ10 ሰዓቱ ስኒ ነው። ከጎረቤት ቡና ግን አትቅሪ፤ ያን ቁጭታ በጤና ምክር ስም የሚያስቀርብሽ ካለ አትስሚው። ዘግየት ብለሽ ሂጂና ለበረካው ድረሺ፤ ቀጠን ያለውን ጠጥተሽ ወሬሽን ይዘሽ ተመለሺ። አቦሉን ጠዋት ቤትሽ ጠጪው። ሌሊቱን ለመግፋት ጫት የሚይዙ ሰፊዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ እርሱ የነገውን ረፋድሽን ነው የሚበላው፣ አትጀምሪው።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሚመጣብሽን ንቃት በአንድ ጊዜ መግደል አትችዪም፣ አያስፈልግምም። ጥልፉን ለዚያ ሰዓት አቆዪው፤ እጅሽ የሚያውቀው ሥራ ነውና ያረጋጋል። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን መርፌውን ሰክተሽ ተነሺ፤ ስልኩን ይዘሽ አልጋ አትግቢ። ጠዋት ስትነሺ ደግሞ ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ በረንዳ ላይ ወይም ልጁን ትምህርት ቤት ስታደርሺ 20 ደቂቃ ያህል የፀሐይ ብርሃን ይድረስሽ። የሰውነትሽን ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ ማለዳው የሚስብልሽ እርሱ ነው። ሐዋሳ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀን ርዝመት ልዩነት በዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሰዓታችንንም የምንቆጥረው ከንጋት ነው። በብርዱ ወራት ጨለማ ውስጥ ሥራ ጀምረው ጨለማ ውስጥ የሚጨርሱ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የማያገኙትን ነገር እኛ ደጃችን ላይ እናገኘዋለን። በወር ውስጥ በ4 ሰዓት ተኩል ተኝተሽ ለ12 ተኩል ብትነሺ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የ11 ሰዓቱን እርሺው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ወር ሙሉ ከ7 ሰዓት በላይ ተኝተሽ ድካሙ ካልለቀቀሽ ግን ጉዳዩ የሰዓት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂጂና ደምሽን ተመርመሪ። በወለዱ ሴቶች ላይ የደም ማነስ ብዙ ነው፤ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና ስኳርም ሰውን እንዲህ ያዝላሉ። በምንም ነገር ደስታ ካጣሽ፣ ወይም ማልቀስ ማልቀስ ካለሽ ያንንም ለባለሙያው ንገሪ፤ ሳትደብቂ።

ባለቤትሽን እንዳትጣዪው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመለስ ሚስቱን ማሽን ላይ ተደፍታ የሚያይ ሰው ደንግጦ ስንፍና ቢል አይገርመኝም። ይልቅ እሁድ ቁጭ በዪና ሁለታችሁም በስንት ሰዓት ስል እንደምትሆኑ ተነጋገሩ። እርሱ በጠዋቱ ቀልጣፋ ከሆነ፣ በእረፍት ቀኑ ልጆቹን አልብሶ ቁርስ ሊያበላ ይችላል፤ አንቺም በእሱ የድካም ምሽት ልጆቹን ትይዢለታለሽ።

የቀረው የሙሽራዋ ጨርቅ ነው። ዛሬ ማታ አትደውዪላት፤ ደክሞሽ ስትደውዪ ወይ ታለቅሻለሽ ወይ ሰበብ ታበዢያለሽ። ነገ 4 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ጨርቁን ዘርግተሽ የተረፈውን ለኪ። ያጠረውን ስንዝር በወገቡ ወይም በታችኛው ጠርዝ በሚገባ ጥበብ መሙላት ይቻል እንደሆን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የሚሆነውን በወረቀት ንደፊው። ካልሆነም የአዲስ መነን ዋጋ ጠይቀሽ ከራስሽ የምትችዪውን ያህል ወስኚ። ከዚያ በ5 ሰዓት ደውዪላትና «ፊቱን አሳጥሬዋለሁ፤ ሁለት መፍትሔ አለኝ፤ መጥተሽ እዪ» በያት። አምስት ሳምንት ለሸማኔም ለመርፌም ይበቃል። ሠርጉ ስድስት ሰባት ቀን ሲቀረው ከምትሰማው ነገ ብትሰማው ይሻላታል። ስትመጣም በምሳ ሰዓት ትምጣ፤ ልኳን እንደገና ውሰጂ፣ ጮክ ብለሽም አንብቢላት።